ቀለሙን ለጥር ያቆዩት፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳር ቤቶች የክረምት እርጥበትን መለየትና ማስወገድ

ጳጉሜን ሲገባ፣ ከወለሉ በላይ ጠቁሮ የተላላጠውን የሳሎን ግድግዳ ለበዓሉ መሸፈን የብዙ ቤት ልማድ ነው። ስቱኮ ይለጠፋል፣ ሁለት እጅ ቀለም ይቀባል፣ ዘመን መለወጫ በደስታ ያልፋል። በጥቅምት ቀለሙ ማበጥ ይጀምራል፤ በኅዳር በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። ሰው ቀለሙን ይረግማል፣ ወይም ቀቢውን። ጥፋቱ ግን የወቅቱ ነው። ግድግዳው ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ ውሃ በጠገበበት ሳምንት መውጫውን ዘጉበት።

ስለዚህ ሥራው የሚሄደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ በነሐሴ ምንጩን መለየት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ውሃውን ከቤቱ ማራቅ፣ በበጋ ማድረቅና መጠገን፣ ቀለሙን ለጥር መተው።

የውሃውን መጠን ማወቅ ይጠቅማል። ባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚ.ሜ. ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። 1 ሚ.ሜ. ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። እንግዲህ 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት፣ 40 ሚ.ሜ. በሚጥል አንድ ዶፍ 2400 ሊትር ያወርዳል፤ 12 በርሜል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ መሠረቱ ጥግ ነው የሚወድቀው። ሐይቁ ደግሞ የራሱ ጊዜ አለው፦ ጣና ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ሐይቁ ዳርና ዓባይ ዳር ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች፣ በፎገራና በደንቢያ ሜዳም፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ የወለሉ እርጥበት የሚብሰው የከርሰ ምድሩ ውሃ ገና ስላልወረደ ነው።

1. በነሐሴ፦ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ

ከሁሉ በፊት፦ እርጥበቱ ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ካለበት ቦታ ከደረሰ፣ የዚያን መስመር ብሬከር ያውርዱና ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። በእርጥብ ግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦ ሰው ይገድላል።

የግድግዳ እርጥበት ከአራት ቦታ ይመጣል፦ ከጣሪያ፣ ከመስኮትና ከስንጥቅ የሚገባ ዝናብ፤ ከመሬት የሚወጣ ውሃ፤ ከቤቱ አየር የሚጤዝ እንፋሎት፤ ከተቀደደ ቧንቧ የሚፈስ ውሃ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም፤ ከመሬት ለሚመጣ ውሃ ጣሪያ ቢቀይሩ ገንዘብዎን ነው የሚያጡት። ለመለየት እርሳስና ላስቲክ ይበቃሉ።

በእርሳስ፦ የእርጥበቱን ጠርዝ ተከትለው መስመር ያስምሩና ቀኑን ይጻፉበት። በየሳምንቱ ይድገሙት። ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ የሚሰፋና በሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን የሚጠብ ከሆነ፣ የሚገባ ዝናብ ነው። ቀስ እያለ እስከ ጥቅምት የሚወጣ ከሆነ ከመሬት ነው። በሚያዝያ ድርቅም ከቦታው የማይነቃነቅ ከሆነ ቧንቧ ይጠርጥሩ፦ ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና ያንብቡት። ቁጥሩ ከጨመረ ግድግዳውን ትተው ቧንቧውን ያስፈትሹ። ሽታ ካለው ደግሞ የሴፕቲክ ታንኩን ወይም የመጸዳጃ ጉድጓዱን ይመልከቱ፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሲወጣ እነሱም ይሞላሉ።

በላስቲክ፦ 40 በ40 ሳ.ሜ. የሆነ ንጹሕ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተዉት። ወደ ክፍሉ ባለው ፊት ላይ ጤዛ ከያዘ ችግሩ የቤቱ አየር ነው። ከግድግዳው በኩል ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው። ሁለቱም ከረጠቡ፣ እንደሚያጋጥመው ሁሉ፣ ሁለቱም ችግር አለ ማለት ነው፤ ከግድግዳው ይጀምሩ።

መልኩም ይናገራል። ከመሬት የሚመጣ እርጥበት ከወለሉ ጀምሮ አግድም እንደ ቀበቶ ይዞራል፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር አያልፍም፣ በላይኛው ጠርዙም ነጭ ጨው ያወጣል። ውሃው በልስኑና በድንጋዩ ማያያዣ ስሜንቶ በኩል እንደ ኩራዝ ክር ይሳባል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ራሱ የሚመጠው ጥቂት ነው። ከአፈሩ ያመጣውን ጨው ልስኑ ላይ ጥሎ ይተናል። ጨው ሲደርቅ ያብጥና ልስኑን ይገፋል፤ ርጥብ ቀን ሲሆን ደግሞ ከአየር ውሃ ይስባል። ጨው የጠገበ ልስን ምንጩ ቢዘጋም እንደገና የሚረጥበው ለዚህ ነው።

የቤት ውስጥ ጤዛ ጨው የለውም። በማዕዘኖች፣ ከቁም ሳጥን ጀርባና ከመስኮት በላይ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ኮርኒስ በሌለው ቤት ሌላ አሳሳች ነገር አለ፦ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ቆርቆሮው በጣም ይቀዘቅዛል፣ የክፍሉ እንፋሎት ከሥሩ ይጤዝና ንጋት ላይ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይጥል የሚንጠባጠብ ጣሪያ ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል።

2. ጣሪያና አሸንዳ

ደረቅ ቀን ይምረጡ፤ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይውጡ። የሚረግጡት ሚስማሩ የተደረደረበትን መስመር ነው፤ ከሥሩ ሞራሌ ያለው እዚያ ነው።

የተለመደው ጥፋት ሚስማር ውሃው በሚወርድበት ሸለቆ ላይ መመታቱ ነው። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። በሸለቆው የተመታውን ይንቀሉ፣ ቀዳዳውን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው በሬንጅ በተነከረ ጨርቅ ወይም በሲሊኮን ይድፈኑ፣ በጉብታው ላይ ባለ ጎማ ቪቴ ያስሩ። ጎማው ደርቆ የተሰነጠቀ ሚስማርም ይለወጣል፤ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ቪቴ ከድሮው ሚስማር የወፈረ መሆን አለበት፤ አለዚያ ይላወሳል።

የቆርቆሮ ድርብ በጎን ቢያንስ አንድ ተኩል ጉብታ፣ ከላይ ወደ ታች 15 ሳ.ሜ. ይሁን፤ ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ 20 እና ከዚያ በላይ። የሰርቪስ ወይም የማድ ቤት ቆርቆሮ ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በብዙ ግቢ ውስጥ በዋናነት ውሃ የሚያስገባው ነው። እዚያ ስሜንቶ መለጠፍ አይረባም፤ ቆርቆሮ በሙቀት ይለጠጣል፣ ስሜንቶው ይሰነጠቃል። ግድግዳውን 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ጠርበው፣ 15 ሳ.ሜ. ወደ ላይ የቆመ የታጠፈ ላሜራ አስገብተው፣ ጥርቡን በስሜንቶ ይዝጉት። የላሜራው የታችኛው ጫፍ ቆርቆሮው ላይ ልቅ ሆኖ ይተኛ።

አሸንዳው በየ1 ሜትር ግማሽ ሳ.ሜ. ወደ መውረጃው ያዘንብል። ማቀፊያ ብረቱ በየ60 ሳ.ሜ. ይቀመጥ፤ ከዚያ ከራቀ ውሃ ሲሞላ ይጎብጣል፣ የጎበጠበት ቦታ ይፈስሳል። ቆርቆሮው 5 ሳ.ሜ. ያህል ወደ አሸንዳው ውስጥ ይግባ፤ ካነሰ ውሃው ተመልሶ በፋሻው እንጨት ላይ ይወርዳል። ለ40 ወይም ለ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ባለ 110 ሚ.ሜ. የፒቪሲ መውረጃ በቂ ነው። የማንጎና የጃካራንዳ ቅጠል አሸንዳን ስለሚዘጋ ግንቦት ላይ ይጠረግ። ውሃውን በበርሜል ከያዙት ክዳኑን በጥብቅ ይዝጉ፤ አለዚያ ትንኝ ነው የሚያረቡት።

መስኮቱንም ይመልከቱ። ደፉ ከግድግዳው 5 ሳ.ሜ. ወጣ ብሎ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ከሥሩም 1 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ጎድጎድ ይኑረው። ይህች ጎድጎድ ከሌለች ውሃው ደፉን ከሥር ታክኮ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ዝናቡን በቀጥታ ይጠጣል፤ ውሃው በብሎኬቱ ክፍት ሆድ ወርዶ ከገባበት ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚወጣ፣ እርጥበቱ ከታች ቢታይም የግድግዳውን አናት ይፈትሹ።

3. የቤቱ ዙሪያ

ገንዘብ ጥቂት ከሆነ እዚህ ላይ ይዋል። በዚህ አገር አብዛኛው የወለል እርጥበት የሚባባሰው ግቢው ከወለሉ ከፍ ስላለ ነው፦ በየዓመቱ አፈርና ጠጠር ይደፋል፣ በሩ ላይ ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ ቤቱ ግን ባለበት ነው።

ሀ. ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ውሃ ሞልተው የወለሉን ልክ ወደ ውጭ ያውጡ፤ በጎማው ሁለት ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ይይዛል። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. ዝቅ ማለት አለበት። ካልሆነ ይቆፈር።

ለ. መሬቱ ከግድግዳው እስከ 2 ሜትር ድረስ በየ1 ሜትር 5 ሳ.ሜ. እየወረደ ይሂድ።

ሐ. ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ከ80 ሳ.ሜ. እስከ 1 ሜትር ስፋት ያለው ሊሾ ይሥሩ። መሬቱ ዋልካ ከሆነ በቀጥታ ላዩ ላይ አይደፋም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሊሾውንም ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። 30 ሳ.ሜ. ዋልካ አውጥተው በሁለት ዙር 15፣ 15 ሳ.ሜ. ገረጋንቲ እየጠቀጠቁ ይሙሉ። ከላይ 8 ሳ.ሜ. ኮንክሪት፣ 1 እጅ ስሜንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 4 እጅ ጠጠር። በየ2 ሜትሩ መገጣጠሚያ ይተዉ፤ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ስፌት በሬንጅ ይሙሉ። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው መጀመሪያ ያ ስፌት ነው፣ ውሃ የሚገባውም በዚያው።

መ. ከሊሾው ጫፍ በየ1 ሜትሩ 1 ሳ.ሜ. የሚወርድ ቦይ ወደ መንገዱ ዲች ያውጡ። ወደ ጎረቤት ግቢ አይደለም፤ ጠቡ ከእርጥበቱ ይከፋል።

ከቤዛዊት ወገን እንዳሉት ተዳፋት ቦታዎች ከላይ ጎርፍ ለሚመጣበት ቤት፣ በላይኛው በኩል የተቀበረ ማፋሰሻ ይረዳል፦ ከመሠረቱ 1 ሜትር ርቆ፣ 40 ሳ.ሜ. ስፋትና ከ40 እስከ 60 ሳ.ሜ. ጥልቀት፣ ከታች የተበሳሳ ቱቦ፣ ዙሪያውን ኮረት፣ ኮረቱም አፈር እንዳይሞላው በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ። ከመሠረቱ ግርጌ በታች አይቆፍሩ። ሐይቁ ዳር ባለ ለጥ ያለ መሬት ግን ይህን አይሥሩ። ውሃው የሚወርድበት ዝቅ ያለ ቦታ ከሌለ፣ የቆፈሩት ቦይ የጣናን ውሃ ማጠራቀሚያ ነው የሚሆነው። እዚያ መፍትሔው ወለሉን ማንሣት ነው።

4. የግድግዳው ግርጌና ወለሉ

ሥራው ከኅዳር በኋላ ይጀመር። ልስኑን ከእርጥበቱ የመጨረሻ ምልክት በላይ 30 ሳ.ሜ. ድረስ አንሥተው ያውርዱ። የወረደውን ከግቢ ያስወጡ፤ ጨው የያዘ ስለሆነ ለሙሌት አይሆንም። በግድግዳው ላይ የቀረውን ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። በውሃ ማጠብ ጨውን አሟምቶ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።

ከዚያ ይጠብቁ። ግንበኞች የሚይዙት ልክ ለ2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት አንድ ወር የሚል ነው፤ በሁለት ፊት የሚነፍስበት ባለ 20 ሳ.ሜ. ብሎኬት ግድግዳ በዚህ ስሌት አራት ወር ሊፈልግ ይችላል፤ ያኔ ቀለሙም ከጥር ያልፋል። ጥቅጥቅ ያለው የድንጋይ መሠረት ከዚያም ይዘገያል። ሰው ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ላዩ ደርቆ ሲያይ ይለስነዋል።

እንደገና ሲለስኑ ለብሎኬት 1 ስሜንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ፤ ለድሮ የድንጋይ ግድግዳ 1 ኖራና 3 አሸዋ። ኖራ ያለበት ልስን እርጥበቱን ያስተነፍሳል። ንጹሕ ስሜንቶ ውሃውን ይዘጋዋል፣ ውሃውም መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ በ60 ሳ.ሜ. የነበረው መስመር በሚቀጥለው ዓመት 1 ሜትር ላይ ይገኛል። ጀሶ ከታች ካለው 1 ሜትር ውስጥ ጨርሶ አይግባ፤ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። ልስኑ ወለሉን ሳይነካ በ2 ሳ.ሜ. ይቁም፣ ክፍተቱ በዞኮሎ ይሸፈን።

ወለል ማንሣት ካስፈለገ፦ የድሮው ሊሾ ላይ 0.2 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ላስቲክ ይዘርጉ፤ ድርቡ 30 ሳ.ሜ.፣ በግድግዳው በኩል ደግሞ 15 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ይታጠፍ። በላዩ ከ8 እስከ 10 ሳ.ሜ. ኮንክሪት። ላስቲኩን በአካፋ ከበሱት ሥራው ከንቱ ነው፤ ላስቲኩን ከመዘርጋትዎ በፊት ስስ የደቃቅ አሸዋ ንጣፍ ከሥሩ ያድርጉ፣ ሠራተኛው በባዶ እግሩ ወይም በለስላሳ ጫማ ይርገጥ። የበሩ ከፍታ 10 ሳ.ሜ. እንደሚቀንስ አስቀድመው ያስቡ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም ይድናል፦ 25 ሳ.ሜ. የድንጋይ ንጣፍ፣ ላስቲክ፣ ኮንክሪት፣ በመሠረቱና በግድግዳው መካከልም ሬንጅ። ዋጋው ያኔ ትንሽ ነው።

5. የጭቃ ቤት

የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ ደግሞ ይተነፍሳል። ችግሩ የሚመጣው ትንፋሹ ሲታፈን ነው። ስሜንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት ከውጭ ያማረ ይመስላል፤ ከውስጥ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ በእርጥበት ይበሰብሳሉ፣ ምስጥ ይገባል። ልስኑን በጣት አጥንት ሲመቱት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከጭቃው ተለይቷል፤ ያውርዱት። ቋሚዎቹን ከመሬቱ ጥግ በስለት ወግተው ይፈትሹ፤ ስለቱ በቀላሉ ከ1 ሳ.ሜ. በላይ ከገባ እንጨቱ ይለወጥ።

ከጣሪያ የሚወድቅ ጠብታ መሬት ነክቶ ሲፈናጠር ግድግዳውን እስከ 50 ሳ.ሜ. ያረጥባል። ስለዚህ ጣሪያው ቢያንስ 60 ሳ.ሜ. ይውጣ፤ የግድግዳው ግርጌም 50 ሳ.ሜ. ድረስ የድንጋይ ካባ ይልበስ። ጠብታው በሚወድቅበት መስመር ጠጠር ቢበተን መፈናጠሩ ይቀንሳል።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሳምንት ያህል እየተረገጠ ይደር። የጡጫ ያህል አድበልብለው ሁለት ቀን በጥላ ያድርቁ፤ ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይጨምሩ፣ ከተፈረፈረ ሸክላማ አፈር። ከላይ ስስ የኖራ ውሃ ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ አንድ ቀን እየሰጡ። ለዘመን መለወጫ ግድግዳው ነጭ ይሁን ካሉ፣ በእርጥብ ግድግዳ ላይ ሊቀባ የሚችለው ይህ ብቻ ነው፤ በብሎኬት ቤትም ቢሆን።

6. የቤቱ አየርና ሻጋታ

እንጀራ መጋገር፣ ወጥ ማንተክተክና በክረምት ልብስ በቤት ውስጥ ማስጣት እንፋሎቱን ይሞላሉ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር፣ ተቃራኒ መስኮቶችን ይክፈቱ። የወባ ትንኝ ፍርሃት ቤት የሚያስዘጋበት አካባቢ ስለሆነ ወንፊት መስኮት ላይ ይምቱ፤ ከኮርኒስ በላይም በሁለቱ ጎን ወንፊት ያለው ቀዳዳ ይኑር። ቁም ሳጥንና አልጋ ከግድግዳው 10 ሳ.ሜ. ይራቁ። የእህል ጆንያ በርብራብ ላይ እንጂ ወለል ላይ አይቀመጥ። ክፍሉን ለማድረቅ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ግን ሞት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ሻጋታ በደረቁ አይጠረግም፤ ዱቄቱ በክፍሉ ይበተናል። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ጓንት አድርገው፣ መስኮት ከፍተው፣ 1 ብርጭቆ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጠው በጨርቅ ይጥረጉ፤ 10 ደቂቃ ይተዉት፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ለጭቃ ግድግዳና ለእንጨት በረኪና አይሆንም፤ ሳሙና ይበቃል።

7. ቀለም

በጥር ላስቲኩን እንደገና ይለጥፉ። ከ48 ሰዓት በኋላ ከግድግዳው በኩል ደረቅ ከሆነ ይቀቡ፤ ከረጠበ ደግሞ ሌላ ወር ይጠብቁ። የመጀመሪያውን እጅ አቅጥነው በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ይጠቀሙ። ግድግዳውን ከወለሉ እስከ 1 ሜትር በዘይት ቀለም መቀባት፣ ለማጽዳት ይመቻል ተብሎ የተለመደ ቢሆንም፣ ከመሬት ውሃ በሚወጣበት ቤት አይደረግም። ከዚህ ቀደም የተቀባ ካለም፣ ልስኑ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ ልስኑ ደህና ሆኖ ቀለሙ ብቻ ከቀረ በሽቦ ብሩሽና በሸካራ ወረቀት እስኪተነፍስ ድረስ ይፋቁት።